እህቴ ዝርዝሩ አይነበብ ያለችበት ችሎት

እታለም ነው የምላት፤ ታላቅ እህቴ ናት። ከፍርድ ቤቱ በር ትይዩ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ማመልከቻ መጻፍ ከጀመረች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው የሆዱን ይዘረግፍላታል፣ እሷ ትተይባለች። አፏ ግን ቁጥብ ነው፤ እኔ ወንድሟ እንኳ ስንቴ ለምኛት አንዲት ወሬ አላገኘሁም።

አንድ አመል አላት። ኮምፒውተሯ ላይ ያሉ ፋይሎቿን ሁሉ በባለጉዳዩና በጉዳዩ ነው የምትሰይማቸው፤ "ጫማ ሰፊው፣ ከልጁ ጋር፣ የቤት ክርክር" ብላ። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ፍለጋ እንዳትደናበር ነው።

ጉዱ የመጣው ከዚሁ ነው። የምትጽፍበትን ፕሮግራም ከሱቅ በደረሰኝ ገዝታዋለች። ለካስ ፈቃዱ ለቤት አገልግሎት ብቻ ኖሯል፣ ለንግድ አይሆንም፤ ሻጩ ትንፍሽ አላለም። ከፕሮግራሙ ጋር ደግሞ ፈቃድ የሚያጣራ ሌላ ነገር ተሸጉጦ ገብቷል። እሱ የፋይሎቿን ስም እየለቀመ ፕሮግራሙን ለሠራው ድርጅት ሲልክ ከርሟል። ድርጅቱም ዝርዝሩን አትሞ፣ በቤት ፈቃድ ትሠራበታለች ብሎ ከሰሳት። ከተረታች ኮምፒውተሯ ይወረሳል፣ ክፍሏም ይዘጋል።

ደሜ ፈላ፤ ያዙኝ ልቀቁኝ አልኩ። ጠበቃ የፈለግኩላት እኔ ነኝ። ጠበቃዋም፣ ሰው ሳያውቅ ከጓዳው የተወሰደ ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ እንረታቸዋለን ስትል ጮቤ ረገጥኩ።

የችሎቱ ዕለት ዳኛው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ የተወሰደው ምስጢር መሆን አለመሆኑን ለመወሰን መነበብ አለበት አሉ። ጠበቃዋ በዝግ ይሁንልን ብትል አልተቀበሏትም። ከኋላ ወንበሮቹ ጢም ብለዋል፤ ግማሹ የእታለም ደንበኛ ነው። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት "ይነበብ!" አልኩ። ዳኛው በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ።

እታለም ተነሳች።

"ክሱን አምኛለሁ፤ ብቻ አይነበብ።"

ጠበቃዋ ክንዷን ብትጎትታት እሷ ወይ ፍንክች። በዚያው ተፈረደባት።

ኮሪደሩ ላይ አበድኩ። ያለቀለትን ድል ጣልሽ፣ ለሰው ገመና ብለሽ ጉሮሮሽን ዘጋሽ እያልኩ ጮህኩባት። ሰው ቆሞ ያየናል። ለእሷ የተሰጣትን የዝርዝሩን ቅጂ ከእጇ መነተፍኩት። አታንብበው ብላ ለመነችኝ፤ ማን ሰምቷት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንዲህ ይላል፦ "የወንድሜ ሚስት፣ ፍቺ፣ ቁጣውን ስላልቻለችው። ማመልከቻውን አላስገባችውም።"

ቀኑን አየሁት፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ቤቴ እየመጣች ከሚስቴ ጋር ስትስቅ፣ እኔም ስቆጣ እያየችኝ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። አፈርኩ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

"ደንበኛዬ ናታ" አለችና ወረቀቱን ተቀብላኝ፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።