መድኃኒት ይዤ የተሻገርኩት ወንዝ

አባቴ ከተቀበሩ በኋላ ነው መድኃኒት ገዝቼ ከምኖርበት ከመርሐቤቴ የተነሣሁት። ይህን ከእኔ በቀር አገር ሁሉ ያውቅ ነበር። ስልክ ስደውል "ተኝተዋል" ይሉኛል፤ ደግሜ ስደውል "አሁን ገና እህል ቀመሱ" ይሉኛል። ምነው ሸዋ! የተቀበረ ሰው እህል ቀመሰ ይባላል?

ሊወስደኝ የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። እናቱ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ትምጣልኝ ብለዋል ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። የንስሐ አባታችን እንዳይናገር ገዝተውት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። በእኛ አገር መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰውየው መጀመሪያ ቤት ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል፤ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ከበው ያረዱታል። ለሰው ከማሰብ የመጣ ልማድ ነው ይባላል።

ክረምት ስለነበር የመኪናው መንገድ ተንዶ ተዘግቷል። ስለዚህ ቆላውን በእግር ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ማዶ አድረን በማግስቱ ወደ አገራችን ወደ መንዝ ልንወጣ ተነሣን። በጀርባዬ ባዘልኩት ቦርሳ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ለአባቴ የገዛሁት ሹራብና በላስቲክ የጠቀለልኩት መድኃኒት አለ። ቁልቁለቱን ሮጥኩት ማለት ይቻላል። እሱ ግን ይጎተታል። ጫማው ይፈታበታል፣ ውሃ ይጠማዋል፣ ጥላ ባየ ቁጥር እንረፍ ይላል። የሰው አባት እያጣጣረ ይሄ ሰነፍ ጥላ ያማርጣል እያልኩ በሆዴ ስረግመው ወረድን።

ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ቀይ ነው፤ ግንድ ይዞ ይወርዳል። እዚያ ሰው የሚያሻግሩ ዋናተኞች አሉ። የጭነት መኪና የውስጥ ጎማ ነፍተው፣ ሰውየውን በደረቱ አስተኝተው፣ ከግራና ከቀኝ እየዋኙ ይገፉታል። ትልቁ ዋናተኛ ውሃውን አየና እዚሁ እደሩ፣ ጠዋት ይጎድላል አለን። የአክስቴ ልጅ አፍታም ሳይቆይ እሺ አለ። እኔ እሳት ለበስኩ። እስከ ነገ ባይቆዩልኝስ? ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻም አለቀስኩ። ዋናተኞቹ ለዕንባዬ ተሸነፉ።

ይሄን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ከንፈሩ ደርቋል።

"እህቴ፣ ብንዘገይም የሚቀርብን ነገር የለም" አለኝ።

"ያንተ አባት ቢሆኑ እንዲህ ትል ነበር?"

 ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

መጀመሪያ እኔን አሻገሩኝ። ውሃው ወደ ታች ብዙ ነዳን እንጂ ደረስን። እሱን ይዘው ሲመጡ መሐል ላይ አንድ ግንድ መጥቶ ጎማውን ገለበጠው። ዋናተኞቹ እየተንገታገቱ ወጡ። እሱን እጁን ብቻ አየሁት፣ ያውም አንዴ። የደጋ ልጅ ዋና ከየት ያውቃል?

እስኪመሽ ድረስ ዳር ለዳር እየሮጥን ተጣራን። እዚያው ማዶ በዋናተኞቹ ጎጆ ውስጥ ቦርሳዬን ታቅፌ አደርኩ። ጠዋት ውሃው እንደተባለው ጎድሎ ነበር። ከታች ዛፍ ሥር አገኙት። ትልቁ ዋናተኛ ዓይኑን ከደነለትና ቃሬዛ የሚይዙ ወንዶች እንድልክ ነገረኝ። ለሽማግሌ በጆሮ ተናገሪ፣ እናቱ ግን በድንገት እንዳይሰሙ ብሎ አጥብቆ አደራ አለኝ።

ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁት። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። በማን በኩል ሰምተው ይሆን የእሱን ለቅሶ የተቀመጡት ብዬ ገረመኝ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወደ ጎረቤት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ፣ ነይ መጀመሪያ እህል ቅመሺ ሲሉኝ፣ ያኔ ገባኝ። አባቴ የሉም። ያ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያዘገየኝ የነበረው ለዚህ ነው።  ለሞቱት አባቴ ከማዘኔ በፊት የዋሹኝን ሁሉ ጠላኋቸው።

አክስቴ ለወንድማቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ ከድንኳኑ ወጡ። አቀፉኝ፤ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን አዩ። ልጄ ወዴት ቀረ አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ ነገሩ ሸተታቸው መሰል፣ ደክሞት ከኋላ ይሆናል ብለው ጣልቃ ገቡ። ውሸት አንገሽግሾኝ ነበር። አደራውንም፣ ልማዱንም እርግፍ አድርጌ፣ እዚያው በቆምኩበት ተናገርኩ።

"ወንዝ ወሰደው። ሞቷል።"

ሰው ሁሉ ጮኸ። አክስቴ ግን አልጮኹም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ቀና ብለው አዩኝ።

"ምናለ፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ልጅ አለኝ ብዬ እንዳድር ብትተዪኝ?" አሉኝ።