የተገጣጠሙት ቃላት

ሰንሻይን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሚሰጠው የጃቫስክሪፕት የኮምፒውተር ፕሮግራም ትምህርት ላይ፣ ሁልጊዜ በሩ ፊት ለፊት የሚታይበትን ወንበር የምትመርጥ አንዲት ሴት አለች። ስሟን ሲጠይቋት ፈገግ ብላ ታልፋለች። ክፍሉ ቢሞቅ እንኳ ካፖርቷን አታወልቅም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጣቶቿ ከኪቦርዱ ላይ ይነሳሉ።

ዛሬ አስተማሪዋ ክሳነት፣ አሬይ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ ቃላት «ጆይን» በሚባለው ትእዛዝ እንዴት አንድ ጽሑፍ እንደሚሆኑ አሳይታ፣ «እስቲ በራሳችሁ ቃላት ሞክሩት» አለቻቸው። ሴትዮዋ አራት የአማርኛ ቃላት ጽፋ አገጣጠመች።

«እህቴ፣ በየመሀሉ ኮማ ገባብኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ጆይን ካለው ቀጥሎ ቅንፉ ውስጥ፣ በትምህርተ ጥቅስ መሀል ባዶ ቦታ ስጪው» አለቻት ክሳነት ጎንበስ ብላ።

እንደተባለችው አደረገች። «ዛሬ ወደ ቤት አልመለስም» የሚል ወጣ።

ክሳነት ጽሑፉን ደግማ አነበበችው።

«ለየብቻ ሲሆኑ እንዲህ አያስፈሩም ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ባጠፋው ይሻላል መሰለኝ።»

ክሳነት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «ተይው፣ አታጥፊው። የት ነው የምታድሪው?»

«አላውቅም» አለች፣ ዓይኗን ከጽሑፉ ላይ ሳትነቅል።