ገማሽ ማለት ሚዲያን ነው

ልጅ እያለሁ፣ ሰባተኛ ክፍል ጀምሬ ዓመቱ ሳይጋመስ፣ አባቴ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተዛወረና ቤተሰቡ በሙሉ አብሮት ተነሣ። ቢቸና ሳለሁ ሒሳብ እወድ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መምህራችን ሁሉንም በአማርኛ ነበር የሚያስረዱን። ጎነ ሦስት ሲያስተምሩን፣ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ የፊት ለፊቱን ጎን እኩል የሚከፍለውን መስመር «ገማሽ» ይሉታል፤ ከላይ ወደ መቀመጫው ቀጥ ብሎ የሚወርደውን «ቁመት»። ሦስቱ ገማሾች የሚገናኙበት ቦታ ደግሞ «የሚዛን ነጥብ» ነው። ከሳሙና ካርቶን ጎነ ሦስት ቆርጠን ያቺን ነጥብ በእርሳስ ጫፍ ስንደግፋት፣ ካርቶኑ ወዲያ ወዲህ ሳይል ይቆማል። እጃችን ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር።

ሞጣ ስገባ ግን ክፍሉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሚዲያን፣ አልቲቲዩድ፣ ሴንትሮይድ ይላል። አዲሱ መምህሬ ሰሌዳው ላይ ጎነ ሦስት ሥለው «እስኪ ሚዲያኑን አሳዪን» ሲሉኝ ጠመኔውን መልሼ አስቀመጥኩ። በሌላ ቀንም ጠየቁኝ፤ ያው ሆነ። ከክፍል ስንወጣ አስቀሩኝና፣ «ልጄ፣ እንዲህ ከሚከብድሽ ወደ ስድስተኛ ብትመለሽ ይሻላል። ዓርብ ልፈትንሽና ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም። ይበልጥ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ለቤት ሰው አልተነፈስኩም። የነገርኩት አጠገቤ ለምትቀመጠው ለዘይነባ ነው። አባቷ ጋሽ እንድሪስ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ።

«ምኑ ነው ያልገባሽ?» አለችኝ።

«ሚዲያን ምንድን ነው?»

በጣቷ ዴስኩ ላይ ሣለችልኝ። «ይኼማ ገማሽ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ገማሽ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች በተራዋ። ለካስ እሷም ስሙን ሸምድዳ ነው እንጂ መስመሩ ለምን እንደሚሰመር አታውቅም ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ስንለቀቅ በቀጥታ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ነበር የምንሄደው። የከሰል ካውያው ሽታና የስፌት መኪናው ድምፅ እስካሁን አይረሳኝም። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጡናል፤ ጎኑን አጥፈን አጋማሹን እናገኝና በሳሙና እናሰምራለን። እኔ ነገሩን እነግራታለሁ፣ እሷ ስሙን ትነግረኛለች። ጋሽ እንድሪስ ከመኪናው ቀና ብለው «እናንተ ልጆች፣ ዛሬም ምሳ የለም?» ሲሉን ነው መራባችን ትዝ የሚለን።

ዓርብ ደረሰ። መምህሩ ሰሌዳው ፊት አቆሙኝና «ሴንትሮይድ» አሉ። ሦስቱን ሚዲያን አሰመርኩ፤ የተገናኙበትን ነጥብ አደመቅኩ። «በካርቶን ላሳይ?» አልኩ። ዘይነባ ሳትጠራ ተነሥታ ቆርጠን ያመጣነውን አቀበለችኝ። በእርሳስ ጫፍ አቆምኩት።

«ይኼን ማን አስተማረሽ?» አሉ መምህሩ።

«ቢቸና ነው የተማርኩት። ስሙን የነገረችኝ ግን ዘይነባ ናት።»

«እስኪ ለእኔ ስጪኝ» አሉና ሞከሩ። ወደቀባቸው። ደግመው ሞከሩ፤ ቆመላቸው። እንደ ልጅ ሳቁ። «በሉ፣ ሁለታችሁም ሂዱ ተቀመጡ» አሉን። የስድስተኛ ክፍል ነገር በዚያው ቀረ።

ዘንድሮ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። እኛ ስንት ቀን የለፋንበትን እሷ ስልኳን ጠይቃ ወዲያው ታገኘዋለች፤ በአማርኛ ብትል በእንግሊዝኛ። እሰይ እላለሁ፣ የምን ቅናት። ግን ብቻዋን አቀርቅራ ሳያት ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችን ልጅ መጣችና ሁለቱ ምንጣፉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ አንዷ ጎነ ሦስት ስትሥል አንዷ ስታጠፋ፣ ሲከራከሩ ሰማኋቸው። ስልኩ ወዲያ ተጥሏል። ምሳ ቀርቧል ልላቸው በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ጥቂት ቆሜ አየኋቸውና ምግቡን ከድኜ ተውኳቸው።