የእንግዳ ሙቀት

በስደት አገር፣ ኢስትሙር በሚባል ሰፈር የምንኖርበትን ሕንፃ የሚያስተዳድረው ሰውዬ «የቤቶቹ አማካይ ሙቀት ሰባ ዲግሪ ፋራናይት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እናቴ ግን የምትተኛው በካፖርት ነበር። አስም አለባት፤ ብርድ ሲነካት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። የኛን ቤት ባሳየው «ያ የአንድ ቤት ነገር ነው። የሕንፃው አማካይ ከሰባ በታች መሆኑን ካሳየኸኝ ሕንፃውን የሚያሞቀውን ቦይለር አስቀይራለሁ» አለኝ። በቃሉ ያዝኩት።

ያን ሰሞን ኮሌጅ ስታቲስቲክስ እማር ነበር። ሁሉንም ቤት መለካት ካልቻልክ ጥቂቱን በዕጣ ትመርጣለህ፤ ከለካኸው ተነሥተህ እውነተኛው አማካይ ሊኖር የሚችልበትን ክልል ከዚህ እስከዚህ ብለህ ታሰላለህ። ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ይባላል። ሰውዬው ያለው ቁጥር ከክልሉ ውጭ ከሆነ አባባሉ ወደቀ። ውስጥ ከሆነ አፍህን ዘግተህ ትሄዳለህ።

ዘጠኝ ቤቶች ዕጣ ወጣላቸው። ቅዳሜ ልለካ እንደምመጣ አስቀድሜ ተናገርኩ። አምስቱ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትሩ ስልሳ እንኳ አልደረሰም። የቀሩት አራቱ ያገሬ ሰዎች ቤት ነበሩ። መጀመሪያ ከኛ በታች ያሉትን ባልቴት አንኳኳሁ። በሩ ሲከፈት ወላፈን ፊቴን መታኝ። የራሳቸው የኤሌክትሪክ ሂተር ቀልቷል፣ የኦቨኑ በር ተበርግዷል።

«እትዬ፣ ብርዱን ልለካ እኮ ነው የመጣሁት።»

«እና እንግዳ ቤቴ ይንቀጥቀጥልኝ? ተው እንጂ ልጄ። ይልቅ ጃኬትህን አውልቅ።»

የቀሩት ሦስቱም ቤት እንዲሁ ሆነ። ሪከንባከር በሚባለው የመጋዘን ሰፈር የሚሠራው ጎረቤታችን ጭራሽ «ቤታቸው ብርዳም ነው ብለህ እንዳትጽፍብን» አለኝ። ሌላ ቀን ልምጣ ብል «ምሳ ሠርተን እንጠብቅሃለን» አሉኝ። ገበናችንን ለመሸፈን የምንተጋውን ያህል መብታችንን ለመጠየቅ ብንተጋ የት በደረስን ነበር። ያልጣመኝን ልኬት እያወጣሁ እንዳልጥል ደግሞ ማጭበርበር ነው።

ብርዱና ሙቀቱ ሲደባለቅ ክልሉ ተንቦረቀቀ፤ ከሃምሳ ሰባት እስከ ሰባ አንድ። ሰውዬው ወረቀቱን አይቶ ጣቱን አሳረፈበት።

«ሰባ ክልሉ ውስጥ ነው፣ አይደል?»

ሃምሳ ስምንትም ውስጥ ነው፤ ሰባ ውስጥ መግባቱ እውነት ነው ማለት አይደለም አልኩት።

«ግን አላፈረስከውም» አለ። አላፈረስኩትም። ልክ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሳምንቱ እናቴ አልጋ ያዘች። እትዬ ሊጠይቋት መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ «ይሄ ብርድ እኮ ሊጨርሰን ነው። ለዚያ ሰውዬ የሚነግርልን ሰው ይጥፋ?» አሉ። የሂተር አየር እናቴን ስለሚያፍናት የኛን አጥፍተን ቁም ሣጥን ውስጥ ከከተትነው ቆይቷል። እሷ ግን እትዬ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አይታ ኖሮ፣ በሚቆራረጥ ድምፅ «ልጄ፣ ሂተሩን አውጣና ለእንግዳችን አብራላቸው» አለችኝ።

አበራሁት።