ወጡ እንዳይደፋ

ሬዲዮዬ ሰሞኑን ድምፁ ይቆራረጣል። የድምፁን ማዞሪያ ሁልጊዜ ከምተውበት ቦታ ሳደርሰው ይንኮሻኮሻል፤ ትንሽ አለፍ ሳደርገው ጥርት ብሎ ይሰማል። የእህቴ ልጅ ትናንት መጥታ፣ «አክስቴ፣ ይሄ አልቆለታል፤ ሌላ እንግዛልሽ» አለችኝ። አላለቀለትም አልኳት። የቱ ጋ እንደታመመ አውቃለሁ። ያወቅኩት ግን ከሬዲዮ አይደለም።

ያኔ ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ የዶራሌ ወደብም ገና አዲስ ነበር። የምሠራው በዚሁ በሰው አገር፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ለነበራቸው ለእትዬ ብርቄ ነው። ሰሃን አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና የቤቱን ሚኒባስ ያዝኩ። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ድስት ይደረደርበታል። በየቀኑ ምሳ ጭኜ ዶራሌ በር ላይ ተራ ለሚጠብቁ የአገራችን የከባድ መኪና ሹፌሮች አደርሳለሁ፤ ቀይ ወጥ፣ መኮሮኒ፣ በጾም ቀን ምስርና ሽሮ።

በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ሲያነሳው መስኮት ተዘግቶ ነው የሚኬደው። የበርበሬውና የናፍጣው ሽታ አብሮ ይታፈናል። እንዲያም ሆኖ መንገዱን እወደው ነበር። ድስት የጫነ ሰው እንደ ሌላው አይነዳም፤ ነዳጁን ድንገት ከሰጠ ወጡ ወደ ኋላ፣ ድንገት ከለቀቀ ወደ ፊት ይደፋል። እኔ የነዳጅ ፔዳሉን አንድ ቦታ አደርስና እግሬን እዚያው አቆየዋለሁ። ከተሳቢዎቹ ኋላ ኋላ እያልኩ፣ ክዳን ሳይንቀሳቀስ ዶራሌ እደርሳለሁ።

አንድ ሰሞን ሚኒባሱ መሀል መንገድ ላይ አቅም ያጣ ጀመር። ፔዳሉን ብረግጠው አይሰማም፤ ሞተሩ ሳይጠፋ መኪናው ይጎተታል፣ ፊት ለፊቴ ቢጫ መብራት ይበራል። ዳር ይዤ አጥፍቼ ሳስነሳው ምንም እንዳልነበረው ይሆናል። እስከዚያው ምሳው ይዘገያል፤ አንዳንዱ ሹፌር ተራው ደርሶ ሳይበላ ይገባል።

የእትዬ ብርቄ ታናሽ ወንድም ደረጀ መኪናውን ወስዶ ሞከረው። እየበረረ ሄዶ እየበረረ ተመለሰ።

«ፈረስ ነው እኮ!» አለ ተስተናጋጁ ሁሉ እየሰማ። «ችግሩ ፔዳሉ ላይ ሳይሆን የሚረግጠው እግር ላይ ነው።»

እትዬ ብርቄ ዓይኔን ሳያዩ፣ «አስካለ፣ ከእሁድ ጀምሮ ደረጀ ይንዳ። አንቺ ወደ ጓዳ ትመለሻለሽ» አሉኝ።

እግሬን ግን አውቀዋለሁ። መኪናው የሚደክመው ዳገት ላይ አይደለም፤ ስነሳም አይደለም። ድስት ጭኜ፣ እግሬ የለመደው ቦታ ሲያርፍ ብቻ ነው። ባዶውን ስመለስ እግሬ እንደልቡ ስለሚረግጥ አንድም ቀን ደክሞ አያውቅም። ይህን ይዤ ሮብሌ ጋራዥ ሄድኩ። ሮብሌ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«ዋላሂ፣ ባለፈው አይቼዋለሁ እህቴ። ሞተሩ ምንም የለውም።»

«ባዶውን ነድተህ ነው ያየኸው። ድስት ጭነን እንሂድ።»

«ጋራዥ ነው የከፈትኩት ወይስ ሆቴል?» ብሎ ሳቀ። ቢሆንም የኤሌክትሪክ መለኪያውን አነሳ።

በማግስቱ ድስቶቹን ውሃ ሞልተን ወጣን። ሮብሌ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ከፔዳሉ ሽቦዎች ጋር ያገናኘውን መለኪያ ጭኑ ላይ አደረገ። ፔዳሉ ላይ ያለው ሴንሰር እግሬ የት ድረስ እንደረገጠ ለሞተሩ የሚነግር ነው አለኝ፤ ስረግጥ መርፌው ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ደረጀ ሊስቅብኝ ከኋላ፣ ከድስቶቹ መሀል ተቀምጧል።

መርፌው ከእግሬ ጋር ቀስ እያለ ወጣ። ከአንድ ተሳቢ ኋላ ገባሁና እግሬን የለመደው ቦታ አሳረፍኩ። መርፌው ድንገት ዜሮ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ወደቀ። ቢጫው መብራት በራ፤ መኪናው ተጎተተ።

«ያዝኩህ!» አለ ሮብሌ ለመርፌው። «እህቴ፣ እግርሽን እንዳትነቀንቂ!»

«መች ነቅንቄው አውቃለሁ?»

ደረጀ አላመነም። ቦታ ተቀያየርንና ነዳጁን ረግጦ ተነሳ። እግሩ ያችን ቦታ በዝላይ ስላለፋት መኪናው አልደከመም፤ የአንዱ ድስት ውሃ ግን ወደ ኋላ ተደፍቶ ቀሚሴን አራሰው፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ የሌላው ድስት ውሃ ሮብሌ ማጅራት ላይ ፈሰሰ።

«አቁም አንተ!» ብሎ ጮኸ። «ወጥ ቢሆን ኖሮ በርበሬ ለብሼ ነበር!»

ጋራዥ ተመልሰን ሮብሌ ሴንሰሩን ሲከፍተው ውስጡ የእግርን ቦታ የሚያነብበት ቀጭን ጥቁር መስመር አለው። መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተፍቆ ነጥቷል። «እግርሽ የኖረው እዚህ ነው» አለኝ። ተጋጭቶ ከተጣለ መኪና የተፈታ ሌላ ፔዳልም ገጠመልን።

ደረጀ አሮጌውን ይዞ ወደ እህቱ ሮጠ። «ይኸውልሽ! ያበላሸችው ራሷ ናት!»

እትዬ ብርቄ ዕቃውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«አዎ፣ እሷ ናት» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ወጤን ሳትደፋ አንድ ቦታ ረግጣ።»

ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ለደረጀ የመኪናውን ወለል የሚያደርቅበት መወልወያ ሰጡት።

ያን ቀን ደስ እንዳለኝ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መንዳት ትቼ ሃያብለ በሚባለው ሰፈር ቤቴ ተቀምጫለሁ። የእህቴ ልጅ ዕቃ የሚያልቀው በክፉ አያያዝ ብቻ ይመስላታል። በደህና አያያዝም ያልቃል፤ ሰው አዘውትሮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ።

ይህን አላልኳትም። ማዞሪያውን ከለመድኩት ቦታ አለፍ አደረግሁት።

«ጮኸ እኮ፣ አክስቴ» አለችኝ።

«ይጩህ» አልኳት።