አሥራ ሁለተኛው መንገድ

ፖስተኛው በሠላሳ ዓመት ሥራው በዋና መንገድ ዞሮ አያውቅም ይባላል፤ ሰፈርተኛውም «ጋሼ አቋራጭ» ይለዋል። በአሮጌው ሰፈር መንገዱ እንደ መረብ የተሳሰረ ስለ ነበር፣ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያሳልፍ ነበር። ከተማዋ ወደ ሜዳው እየሰፋች ስትሄድ ግን አዲሶቹ መንገዶች መግቢያ እንጂ መውጫ የሌላቸው ሆኑ። ጀርባ ለጀርባ ለተሠሩ ሁለት ቤቶች ደብዳቤ ለማድረስ ግማሽ ሰዓት መዞር ግድ ሆነ።

ደግነቱ፣ ከጓሮው ተነሥቶ በሁለት ግንቦች መካከል ሾልኮ ታላቅ እኅቱ ደጃፍ የሚያደርስ ጠባብ መተላለፊያ ነበረው። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ በየማለዳው መድኃኒቷን የሚያቀብላት እሱ ነው።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ወጣት ቀያሽ ካርታ ይዛ መጣች። ሰው በእግሩ የሚሄድባቸውን መንገዶች እንደምትመዘግብ፣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ እንደሌለም ነገረችው። ሙገሳው አላማረውም። የማዘጋጃ ቤት ሰው ሊዘጋው ካልሆነ መንገድ ምን ይሠራለታል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ አሥራ አንዱን ቆጥሮ ሰጣትና አሥራ ሁለተኛውን፣ የራሱን፣ ዋጠው።

«በጓሮዎ በኩልስ ጋሼ?»

«በዚያማ ድመት እንኳ አታልፍም።»

ለእኅቱ ሲያወራላት፣ ድሮም የገዛ ጥላህን ትጠረጥራለህ ብላ ሳቀችበት።

በሦስተኛው ወር ከጓሮው አጠገብ የተጀመረ አዲስ ሕንፃ ግንበኞች መተላለፊያውን በብሎኬት ደፈኑት። ቢሟገታቸው ፎርማኑ ቀያሿ የሠራችውን ካርታ ዘረጋለት። ማንም እንዳይዘጋቸው በአረንጓዴ የተሠመሩ አሥራ አንድ መንገዶች አሉ፤ የእሱ ቦታ ባዶ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእኅቱን ሳል በግንቡ ማዶ እየሰማ፣ እሷ ዘንድ ለመድረስ ሃምሳ ደቂቃ ይዞር ጀመር። አንድ ማለዳ ወድቃ ስትጣራ ሰማ። «መጣሁ!» ብሎ እየሮጠ ቢዞርም ከወደቀችበት አልተነሣችም ነበር።

«ድምፅህ ከደረሰ ቆየ» አለችው ክንዱን ይዛ እየተነሣች፤ «እግርህን የት አቁመኸው ነው?»

በማግስቱ ወደ ቀያሿ ቢሮ ገባ።

«ዋሽቼሻለሁ ልጄ። መንገድ ነበረ።»

አልተቆጣችውም። እሱ ከመሰከረ በግንቡ ላይ በር እንዲከፈትለት ማመልከት እንደሚቻል ነግራው አንድ ወረቀት ሰጠችው። መነጽሩን አጥልቆ ፊቱን አነበበ፣ ጀርባውን አገላበጠ፣ ወደ ብርሃንም ከፍ አድርጎ አየው።

«ቤቴን አይነካም?»

«አይነካም ጋሼ።»

«እንግዲያው አንቺ ቅደሚ፤ ፈርሚ።»

ቀድማ ፈረመች። ፊርማዋን ደኅና አድርጎ ካየ በኋላ የራሱን ከሥሩ አኖረ።