የሚፈርም ሰው

ወንድሟ በኢሚግሬሽን ከታሰረ ወዲህ፣ እዚሁ አሜሪካ ዊንቸስተር የምትኖር አንዲት የሆቴል ክፍል አጽጂ በስልክ እረፍት ነሳችኝ። የኢሚግሬሽን ወረቀት አስረዳለሁ ባዩ እኔው ነኝና ሄድኩ። ቤቷ ውስጥ ሦስት የአገሯ ልጆች ከረባት አስረው ጠበቁኝ፤ ለወንድሟ ዋስ ሊሆኑ ነው። የሦስቱም የመኖሪያ ፈቃድ ገና አልወጣም።

«እዚህ አገር ለዋስነት ከረባት አይታይም!» አልኩ ተናድጄ። «የሚፈለገው ገንዘቡን አስይዞ በስሙ የሚፈርም፣ ሕጋዊ ወረቀት ያለው ሰው ነው። ወንድምሽ ከቀጠሮው ካልቀረ ገንዘቡ ለፈራሚው ይመለሳል። ምን ያስፈራል?» ደጋግሜ አስረዳሁ፤ እግሬ ግን ወለሉን መደብደብ አላቆመም።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ዜጋ ነዎት አይደል?»

«ሺፍቴ ደረሰ» ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ አነሳሁ። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝም።